ጋሽ ጨረቃ እና «ቦታ ቀይሩ» የሚሉን ሰዎች

እኛ ስለ አሜሪካ ፉትቦል የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እግር የማይነካው እግር ኳስ መሆኑን። ኳሷ እንቁላል ትመስላለች። ተጫዋቾቹ ቁር ደፍተው፣ ትከሻቸው ላይ ሌላ ትከሻ ደርበው ይገባሉ። አምስት ሰከንድ ይሯሯጡና ይቆለላሉ፤ ከዚያ ክብ ሠርተው እንደ ዕድርተኛ ይመካከራሉ፤ ከዚያ ደግሞ አምስት ሰከንድ ይሯሯጣሉ። «ይኼ ደግሞ ጨዋታ ነው?» እንል ነበር። ምን ይደረግ፣ የአርሰናልና የማንቸስተር ልጆች ነን እኮ!

ታዲያ የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንድ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነው። ኧረ አትሽሹ! ደንቡን ማወቅ አያስፈልጋችሁም። እኛም ደንቡን ሳናውቅ ነው ሰውየውን የተዋወቅነው።

«እኛ» ማለት ሦስት ነን። በ2006 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲያትል ከተማ፣ ሬኒየር ጎዳና አካባቢ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለሦስት ተከራይተን እንኖር ነበር። አንዳችን ሀገር ቤት ሲቪል ምህንድስና ተምሮ ሦስት ዓመት መንገድ ሲሠራ የቆየ ነው። ሁለተኛችን የሒሳብ አስተማሪ። ሦስተኛችን ምን መሆን እንደሚፈልግ ገና ያልወሰነ፣ ማታ ማታ ደብተር ላይ የሚሞነጫጭር። አሜሪካ ስንገባ ግን የሦስታችንም ሙያ አንድ ሆነ፤ ፓርኪንግ። መሐንዲሱም፣ አስተማሪውም፣ ሞነጫጫሪውም ያችን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰን «ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ኋላ! በቃ!» እያልን መኪና እናስቆማለን።

የምንሠራበት ፓርኪንግ ከፉትቦል ስታዲየሙ ብዙም አይርቅም። እሁድ ጨዋታ ካለ ከጠዋት ጀምሮ መኪናው ይጎርፋል። ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ጭር ይላል፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመኪኖቹ ሌላ የሚያየን የለም። ታዲያ በዚያች ጠባብ ቡዝ ውስጥ የቀድሞው ሠራተኛ ትቷት የሄደ አሮጌ ሬዲዮ ነበረች። ከአንድ ጣቢያ በቀር አትይዝም። ጣቢያው ደግሞ የሲያትል ሲሆክስን ጨዋታ የሚያስተላልፈው ነው። እንግሊዝኛችንን እናሻሽል ብለን እንሰማለን።

ሁለት ሰዎች ይናገራሉ። አንዱ የሚሆነውን ሁሉ እየተከተለ ይጮኻል። ሌላው ረጋ ብሎ፣ የሆነው ለምን እንደሆነ ያስረዳል። የመጀመሪያው ሲናገር ግራ ይገባናል፤ ሁለተኛው ሲናገር ትንሽ ትንሽ ይገባናል። ስሙ ዋረን ሙን ነው። ሙን ማለት ጨረቃ አይደል? «ጋሽ ጨረቃ» አልነው። «ዛሬ ጋሽ ጨረቃ ምን አለ?» እየተባባልን ሺፍት እንቀያየራለን።

አንድ ደንበኛ ነበረን፤ ሰባ ዓመት የተጠጋ ነጭ ሽማግሌ። ጨዋታ በኖረ ቁጥር እኛ ጋ ያቆማል፣ ጉርሻም አይነፍገን። አንድ እሁድ ወገቡን አሞት ይሁን ቡድኑ አናዶት ጨዋታው ሳያልቅ ተመልሶ መጣ። ሬዲዮዋን ሰማና ቆመ።

«ይኼን ሰውዬ ታውቁታላችሁ?»

«በድምፅ እናውቀዋለን» አልነው።

«እኔ ልጅ ሆኖ አውቀዋለሁ። እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ሃምሳ ሺህ ሰው እየጮኸ ውረድ ይለው ነበር።» ትንሽ ዝም አለና ጨመረ፤ «ከጮኹበት አንዱ እኔ ነኝ።»

እኛ ምን እንደምንል ጠፋን። እሱም መልስ የጠበቀ አይመስልም። ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ። እኛ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ያንን ድምፅ እንደ ድሮው መስማት አልቻልንም። ቤተ መጻሕፍት ሄደን ፈለግን፣ ኢንተርኔት ላይ አነበብን፣ ያገኘነውን ሰው ጠየቅን። ያገኘነው እነሆ።

በዚህ ጨዋታ ኳርተርባክ የሚባል ቦታ አለ። ኳሱ ከመሬት ሲነሣ መጀመሪያ የሚገባው እሱ እጅ ነው። ከፊቱ አሥራ አንድ ሰው ሊጥለው ይመጣል። እሱ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ያንን ሁሉ ሰው አንብቦ፣ ለማን እንደሚወረውር ወስኖ መወርወር አለበት። የቡድኑ ጭንቅላት ነው ይሉታል። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካኖች ጥቁር ልጅ እንዲሮጥ ይፈቅዳሉ፣ ኳስ እንዲቀበል ይፈቅዳሉ፣ ሰው እንዲጥል ይፈቅዳሉ፤ ጭንቅላት እንዲሆን ግን ለረጅም ዘመን አልፈቀዱም። በዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ሆኖ ያበራ ጥቁር ልጅ ወደ ትልቁ ሊግ ሲቃረብ መልማዮች ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ ነህ፤ ግን ቦታ ቀይር» ይሉታል። ኳስ ተቀባይ ሁን፣ ተከላካይ ሁን። በክፋት ብቻ የሚሉት እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቹ ለልጁ ያሰቡ መስሏቸው ነው።

ማርሊን ብሪስኮ የሚባል ሰው ነበር። በ1968 ለዴንቨር ቡድን በኳርተርባክነት ጨዋታ ጀመረ፤ በዘመናዊው ፕሮፌሽናል ፉትቦል የመጀመሪያው ጥቁር መሆኑ ነው። በዚያው በመጀመሪያ ዓመቱ 14 ጊዜ ለታችዳውን ወረወረ። ታችዳውን ማለት እንደኛ ጎል በሉት። በሚቀጥለው ዓመት ዴንቨር ዕድሉን ነፈገው። ቡፋሎ ሄደ፤ እዚያ ደግሞ ቦታ ቀየሩትና ኳስ ተቀባይ አደረጉት። ይህችን ሰው ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ዋረን ሙን በ1956 ሎስ አንጀለስ ተወለደ። በሰባት ዓመቱ አባቱ ሞተ። እናቱ ነርስ ነበረች፤ በእህቶች መካከል አንድ ወንድ ሆኖ አደገ። ምግብ ማብሰል፣ ልብስ መተኮስና መስፋት ተማረ። (ይህን ስናነብ ተያየን። ሽንኩርት መክተፍ አሜሪካ መጥተን የተማርን ጀግኖች ነን!) ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ በኳርተርባክነት የሚፈልገው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አጣ። ቦታ ከመቀየር ብሎ አንድ ዓመት እዚያው ሎስ አንጀለስ በአንድ ኮሌጅ ተጫወተ። በ1975 ዶን ጄምስ የተባለ አዲስ አሰልጣኝ ወደ ሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አመጣው። ቡድኑ ሲሸነፍ የራሱ ደጋፊ ይጮኽበት ጀመር። ሽማግሌው ደንበኛችን የነገረን ይኼንኑ ነው። አሰልጣኙ ግን አላወረደውም። በጥር 1978 ሮዝ ቦውል በተባለው ታላቅ ጨዋታ ሚሺጋንን 27 ለ 20 አሸነፉ። ሁለቱን ታችዳውን ሙን ራሱ ሮጦ አስገባ፣ አንዱን ወርውሮ አስገባ፤ የጨዋታውም ኮከብ ተባለ።

ከዚህ በኋላ ትልቁ ሊግ፣ ኤን ኤፍ ኤል፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል ብላችሁ ታስባላችሁ። እኛም አስበን ነበር። መልማዮቹ ግን ያችኑ ዘፈን ዘፈኑለት፤ ቦታ ቀይር። እሱም ሻንጣውን አሰናድቶ ካናዳ ሄደ፣ ኤድመንተን ለተባለ ከተማ ቡድን ፈረመ። በዚያ ዓመት ኤን ኤፍ ኤል ተጫዋቾችን በ12 ዙር ሲመርጥ የዋረን ሙን ስም አንድም ጊዜ አልተጠራም።

ሐቁን ላለመሸሽ ይኼንንም እንንገራችሁ። በዚያው በ1978 ዳግ ዊሊያምስ የተባለ ሌላ ጥቁር ኳርተርባክ በመጀመሪያው ዙር፣ በ17ኛ ተራ ተመርጧል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጥር 1988፣ የዋሽንግተንን ቡድን ይዞ ሱፐር ቦውልን 42 ለ 10 አሸነፈ። ሱፐር ቦውልን በኳርተርባክነት ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። እንግዲህ በሩ ጨርሶ የተከረቸመ አልነበረም። ገርበብ ብሎ ነበር፤ ግን አንድ ሰው በጎኑ አልፎ የሚገባባት ያህል ብቻ።

ሙን ካናዳ ስድስት ዓመት ቆየ። ቡድኑ ከ1978 እስከ 1982 ግሬይ ካፕ የተባለውን የካናዳ ዋንጫ አምስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። በ1982 በአንድ የውድድር ዘመን 5,000 ያርድ ወረወረ፤ በሚቀጥለው ዓመት 5,648 አደረሰው። ከመካከላችን መሐንዲሱ ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ተናገረ። ዓረፍተ ነገሯ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ እንደ ተረት ትጠቀስ ጀመር። «አያችሁ፣» አለ፣ «ሰውዬው ሀገር ቀየረ እንጂ ቦታ አልቀየረም።»

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በዚያው በ2006 መገባደጃ ላይ ለስደተኛ ሥራ የሚያፈላልግ ቢሮ ሄደን ነበር። የተቀበለችን ሴት በጣም ደግ ናት፤ ሻይ ሁሉ ጋብዛናለች። የመሐንዲሱን ወረቀት አንድ ጊዜ ገለጥ አድርጋ መለሰችለት። «እናንተ ሰዎች ትሑት ናችሁ፣ ለሽማግሌ አክብሮት አላችሁ። የነርስ ረዳትነት ኮርስ ጥቂት ሳምንት ነው፤ ወዲያው ሥራ ትይዛላችሁ» አለችን። ለሦስታችንም ያንኑ ወረቀት ሰጠችን። ለመሐንዲሱም፣ ለአስተማሪውም፣ ለሞነጫጫሪውም። አንድ ዓይነት ወረቀት!

ስንወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ መሐንዲሱ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈው። «ቦታ ቀይር አለችኝ» አለ። እኛ ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

አስተማሪው ኮርሱን ገባ። ማታ ማታ ሽማግሌዎች ያጥባል፣ ቀን ይማራል። መሐንዲሱ ደግሞ ተራራውን ተሻግሮ ያኪማ የምትባል ከተማ ሥራ አገኘ፤ የቀያሽ ረዳትነት። በቀን ስምንት ሰዓት ፀሐይና ብርድ ላይ ቆሞ እንጨት መያዝ ነው። ደሞዙ እዚህ ሁለት ሥራ ሠርቶ ከሚያገኘው በጣም ያንሳል። «ቢያንስ የያዝኩት እንጨት መንገድ ሊሠራበት ነው» አለን።

ሊሄድ ሻንጣውን ያሰናዳ ዕለት ማታ ተጣላን። እንዲህ ዓይነት ነገር አይጻፍም ነበር፤ ግን ይጻፍ። መሐንዲሱ ደሴ ያለች እናቱን ይጦራል። እማማ ስኳር አለባቸው፣ መድኃኒቱ በየወሩ ይገዛል። አስተማሪው ጠየቀው፤ «አንተ ህልምህን ስታሳድድ የእማማን መድኃኒት ማን ይገዛል?» መሐንዲሱ መልስ አልነበረውም። «ዋረን ሙን...» ብሎ ሊጀምር ሲል አስተማሪው አቋረጠው። «ዋረን ሙን እናቱ ነርስ ነበረች፤ ደሞዝ ነበራት። ያንተ እናት ያንተን ስልክ ነው የምትጠብቀው።» ቤቱ ጸጥ አለ። ጠዋት ስንነሣ መሐንዲሱ ሄዷል፤ አልጋውን በሥርዓት አንጥፎ።

ከዚያ በኋላ ለአሥራ አራት ወር ለእማማ መድኃኒት ከተላከው ገንዘብ አብዛኛውን የላከው አስተማሪው ነው። ሽማግሌ አጥቦ ካገኘው። መሐንዲሱ ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው። ስለ ጽናት ሲወራ የማይወራው ይኼ ነው፤ የአንዱን ጽናት ሒሳብ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይከፍላል። የከፈለው ሰው ስም ደግሞ ግድግዳ ላይ አይጻፍም።

ወደ ጋሽ ጨረቃ እንመለስ። በ1984 በመጨረሻ ኤን ኤፍ ኤል ጠራው። በኳርተርባክነት! ሂውስተን ኦይለርስ የካናዳ አሰልጣኙን ሂው ካምቤልን ቀጥሮ ነበርና ሙን ተከትሎት ሄደ። ታዲያ ሕልም ሲፈታ ጣፋጭ ብቻ አይሆንም። በመጀመሪያው ዓመት 3 አሸንፈው 13 ተሸነፉ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ደግሞ 5 እያሸነፉ 11 ተሸነፉ። ዕድሜው ሠላሳ ደርሷል። ሌላ ሰው ቢሆን «እኔን ብሎ ኳርተርባክ» ብሎ ይተወው ነበር። ከ1987 እስከ 1993 ግን ሂውስተን ሰባት ዓመት በተከታታይ ጥሎ ማለፍ ገባ። በታኅሣሥ 1990 ካንሳስ ሲቲ ላይ በአንድ ጨዋታ ብቻ 527 ያርድ ወረወረ፤ በጊዜው በሊጉ ታሪክ ከዚያ የሚበልጠው አንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ የቡፋሎው ጨዋታ መጣ። ጥር 3 ቀን 1993፤ ጥሎ ማለፍ። ሂውስተን 35 ለ 3 ይመራል። ሠላሳ አምስት ለሦስት! በእኛ ኳስ አምስት ለዜሮ እንደ መምራት ነው። ቡፋሎ ዋናው ኳርተርባኩ ተጎድቶ ተቀያሪውን፣ ፍራንክ ራይክን ነው ያሰለፈው። ታዲያ ያ ተቀያሪ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ መጣ። 38 እኩል ሆነ። በተጨማሪ ሰዓት ሙን የወረወራት ኳስ ተጠለፈች፤ ቡፋሎ 41 ለ 38 አሸነፈ። ከ32 ነጥብ ልዩነት ተነሥቶ ማሸነፍ እስከ 2022 ድረስ በሊጉ ታሪክ ያልተደፈረ ሪከርድ ነበር፤ በጥሎ ማለፍ ደግሞ እስካሁን የሚስተካከለው የለም። ሙን በዚያ ቀን አራት ታችዳውን ወርውሯል። ሰው የሚያስታውሰው ግን የመጨረሻዋን ኳስ ነው።

ይህን ታሪክ ለመሐንዲሱ በስልክ ያነበብንለት ፈተና የወደቀ ማታ ነው። በአሜሪካ መሐንዲስ ለመባል የመጀመሪያው ፈተና ያኔ ስምንት ሰዓት ይፈጅ ነበር። ጠዋቱን ጥሩ ሠርቶ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛው አደከመውና ወደቀ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «በማግስቱ ምን አደረገ?» ብሎ ጠየቀን። ማግስቱን አላነበብንም ነበር። ያወቅነው ግን በሚቀጥለው ዓመትም መጫወቱን ነው። «በቃ ያ ይበቃኛል» አለና ስልኩን ዘጋ።

ሙን በ1994 ወደ ሚኒሶታ ተሸጠ። በሠላሳ ሰባት ዓመቱ! እዚያም በሁለት ተከታታይ ዓመታት ከ4,000 ያርድ በላይ ወረወረ። በ1997 ወደ ሲያትል ተመለሰ፤ ወደዚያች ውረድ ወደተባለባት ከተማ። በጥቅምት ወር ኦክላንድ ላይ 409 ያርድና አምስት ታችዳውን ሲወረውር አርባ አንድ ሊሞላው ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። ሽማግሌው ደንበኛችን ያን ቀን ስታዲየም ነበር። «አጨበጨብክ?» አልነው። «እጄ እስኪቀላ» አለን። ከዚያ ሁለት ዓመት ካንሳስ ሲቲ ተቀያሪ ሆኖ ተቀመጠና ከ2000 የውድድር ዘመን በኋላ በአርባ አራት ዓመቱ ሰቀለ።

ሲደመር በኤን ኤፍ ኤል 49,325 ያርድ፣ በካናዳ 21,228 ያርድ። በነሐሴ 2006 ኦሃዮ ክፍለ ሀገር ካንተን የሚገኘው የፉትቦል ዝነኞች አዳራሽ ገባ፤ እዚያ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ። እኛ በሬዲዮ መስማት የጀመርነው ልክ በዚያው መከር ነው፤ ማንን እየሰማን እንደሆነ ሳናውቅ!

ግን አንድ ነገር የለውም። በሃያ ሦስት ዓመት የፕሮፌሽናል ዘመኑ አንድም ሱፐር ቦውል አልተጫወተም። ማርሊን ብሪስኮን ያዙልን ብለናችሁ ነበር አይደል? ቦታ ቀይሮ ኳስ ተቀባይ የሆነው ሰውዬ ማያሚ ገብቶ በተከታታይ ሁለት ሱፐር ቦውል አሸነፈ። አንደኛው የ1972ቱ ቡድን ነው፤ 17 ተጫውቶ 17 ያሸነፈ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደ ብቸኛ ቡድን። እንግዲህ ፍረዱ። እምቢ ያለው ባዶ ጣት ቀረ፣ እሺ ያለው ሁለት ቀለበት አጠለቀ።

እኛ ቤት በዚህ ጉዳይ ስንት ማታ ተከራክረናል መሰላችሁ! መሐንዲሱ ሁለተኛውን ፈተና አለፈ፤ ከዓመታት በኋላ ፈቃዱን አወጣ። ዛሬ የጎርፍ መውረጃና ትናንሽ ድልድይ ይነድፋል። አስተማሪው የነርስ ረዳት ሆኖ ጀምሮ ነርስ ሆነ። በ2020 ሁላችንም ቤት ስንደበቅ እሱ በየማታው ሆስፒታል ይገባ ነበር፤ ስንት ሰው እጁን ይዞ እንደ ሸኘ አይነግረንም። እማማ በሰላም አሉ። ለሁለቱም እኩል ይመርቃሉ።

ባለፈው ዓመት ሦስታችን በተገናኘንበት አስተማሪውን ጠየቅነው። «ቦታ በመቀየርህ ይቆጭሃል?»

«አይቆጨኝም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ» አለ። ስኒውን አስቀመጠና ቀጠለ። «የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ሴትየዋ ምን ታስተምር ነበር ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት ያው ነርስነትን እመርጥ ነበር። ግን እኔ የመረጥኩት ይሆን ነበር።»

እኛ ይህን ሁሉ ዓመት «ሙን ነው ልክ ወይስ ብሪስኮ?» እያልን ስንከራከር ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነበር ማለት ነው። ቦታ መቀየር ነውር አይደለም፤ አለመቀየርም ጽድቅ አይደለም። ነውሩ ሰውየው ሲወረውር ሳታይ ቦታውን መወሰን ነው። በየካቲት 2023 በ57ኛው ሱፐር ቦውል ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለቱም ወገን ጥቁር ኳርተርባኮች ተሰለፉ፤ ፓትሪክ ማሆምስና ጄለን ኸርትስ። ያሸነፈው ማሆምስ የሚጫወተው ሙን ተቀያሪ ሆኖ በጨረሰበት በካንሳስ ሲቲ ነው። ማርሊን ብሪስኮ ይህን ሳያይ በ2022 አርፏል።

እዚህ ላይ ብንጨርስ ጥሩ ነበር፤ እኛም ጥሩ ሰዎች መስለን እንቀር ነበር። ግን አንድ ነገር ቀርቷል።

በቅርቡ ከሀገር ቤት የመጣች የአንዳችን ዘመድ ልጅ እንኳን ደህና መጣሽ ልንላት ሰበሰብናት። ቡናው ገና አቦል አልወረደም። መሐንዲሱም፣ አስተማሪውም፣ ሞነጫጫሪውም በአንድ አፍ «እዚህ አገር ነርሲንግ ነው፤ ሌላው ጊዜ ማባከን ነው፤ ቶሎ ግቢ» ማለት ጀመርን። ለእሷ አስበን ነው! ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «እሺ» ትላለች። ከመካከላችን የትኛው መጀመሪያ እንደ ነቃ አናስታውስም። ብቻ እርስ በርስ ተያየንና ዝም አልን። ያ ወረቀት፣ ለሦስታችንም አንድ ዓይነት የተሰጠን ወረቀት፣ አሁን በእኛ እጅ ነበር።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ አስተማሪው ጠየቃት።

«ይቅርታ፣ የኔ እህት። እዚያ ምን ነበር የምትሠሪው?»

ቀና አለች። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማውራት ጀመረች። እኛም ዝም ብለን ሰማናት፤ ቡናው በረካ እስኪሆን ድረስ።